«እንዳይጎዳ ብለን ነው» ለምንል ሁሉ የተጻፈ ማሳሰቢያ

የሆስፒታል ውጤት ተቀብለው «ለአባባ እንዳይነገር» የተባባሉ ልጆች፣ የእናታቸውን ሞት ቤይሩት ካለች እህታቸው የደበቁ ወንድሞች፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን «ቪታሚን ነው» እያሉ ለልጃቸው የሚሰጡ ወላጆች፣ በበረሃ ጉዞ መካከል ሆነው «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ብለው የሚደውሉ ወጣቶች፤ ይህ ማሳሰቢያ ለእናንተ ነው።

ማናችሁም የምትዋሹት ለራሳችሁ ጥቅም እንዳልሆነ ይታወቃል። የምትወዱትን ሰው ከጉዳት ለመጠበቅ ነው። ማሳሰቢያ ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለጥቅሙ የሚዋሽ ሰው ቢያንስ መዋሸቱን ያውቀዋል፤ ይሸማቀቅበታል፣ እንዳይያዝም ይፈራል። ለፍቅር ብሎ የሚዋሽ ሰው ግን ሥራውን ከጽድቅ ስለሚቆጥረው «አሁንስ በቃ» የሚለው ኅሊና የለውም። ስለዚህ ውሸቱ ከሳምንት ወደ ወር፣ ከወር ወደ ዓመት ይሻገራል። የተደበቀበት ሰው እውነቱን ሲሰማ ደግሞ ጉዳቱ መጀመሪያ ከተፈራው ይብሳል።

ውሸት ሁሉ አንድ ነው ብለን ግን አንነሣም። ሰውን ከሞት የሚያድን፣ መነገርም የሚገባው ውሸት አለ። አደጋው ያለው ይህን ውሸት ከሌላው ሳንለይ ለሁሉም ያንኑ ምሕረት ስናደርግ ነው።

በር ላይ ለቆመ ገዳይ

በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳ በተካሄደበት ወቅት በራቸው ተንኳኩቶ መሣሪያ በያዙ ሰዎች «ልጅሽ የት ነው?» የተባሉ እናቶች ነበሩ። «ገጠር ከሄደ ሰንብቷል» ያለች እናት፣ ልጇ ኮርኒስ ላይ ወይም አልጋ ሥር ተኝቶ ሳለ፣ ዋሽታለች። በቀይ ሽብር ዘመን እንዲህ የዋሸችን እናት ውሸታም ብሎ የሚከሳት ጤነኛ ሰው የለም።

ጥያቄው በፍልስፍና መጻሕፍትም የቆየ ነው። የስዊዝ ተወላጁ የፈረንሳይ ጸሐፊ ቤንጃሚን ኮንስታንት እውነት የሚገባው እውነቱን የማወቅ መብት ላለው ሰው ብቻ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። ኢማኑኤል ካንት በ1797 እ.ኤ.አ. በጻፈው መልስ አልተስማማም፤ ወዳጅህን ሊገድል የመጣ ሰው «እቤት አለ?» ብሎ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይፈቀድልህም አለ። ከእሱ 1400 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የሂጶው አውግስጢኖስም እዚሁ አቋም ላይ ነበር። ምሳሌ ያደረገው የታጋስቴ ከተማ ጳጳስ የነበረውን ፊርሙስን ነው፤ ቦታው እዚሁ አፍሪካ፣ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ነው። ፊርሙስ አንድ ተፈላጊ ሰው ሸሽጎ ሳለ የሮም ንጉሠ ነገሥት ሰዎች መጡበት። እንደማይዋሽም፣ ሰውየውን አሳልፎ እንደማይሰጥም ነገራቸው። አሠቃዩት፤ አልተናገረም። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርቦ ጽናቱ አስደነቃቸውና ለተሸሸገው ሰው ምሕረት አሰጠለት።

ፊርሙስ ክብር ይገባዋል። እሱን የገጠመው ዓይነት ንጉሥ ግን ሁሉንም አይገጥምም። አሳሽ በር ላይ ቆሞ ሳለ «አልነግርህም» ማለት «ውስጥ አለ» ማለት ነው። በኦሪት ዘፀአት የተጻፈላቸው አዋላጆች ሲፓራና ፉሐ፣ ወንድ ሕፃናትን እንዲገድሉ ፈርዖን አዝዟቸው ሳለ ሕፃናቱን አዳኑ፤ ሲጠየቁም የዕብራውያን ሴቶች አዋላጅ ሳይደርስላቸው እንደሚወልዱ ተናገሩ። እግዚአብሔር መልካም እንዳደረገላቸው መጽሐፉ ይመሰክራል። በእስልምናም የተጣሉትን ለማስታረቅ ብሎ መልካም ቃል የሚያደርስ ሰው ውሸታም እንደማይባል የሚገልጽ ሐዲስ አለ። ሽማግሌ ሆኖ ሁለት የተኳረፉ ሰዎችን ያስታረቀ ሁሉ ይህን ሳያነብም ያውቀዋል።

እነዚህን ውሸቶች ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው። የዚያች የ1969 እናት ውሸት ለልጇ ሲባል የተነገረ ውሸት እንጂ ልጇን የዋሸችበት አይደለም። የዋሸችው አሳሹን ነው። አሳሹ ሊገድል ነው የመጣው፤ ልጁ የት እንዳለ የማወቅ አንዳችም መብት የለውም። ልጁ ደግሞ ኮርኒስ ላይ ሆኖ ውሸቱን ይሰማዋል፤ በልቡ «በርቺ» ይላታል። የሚጠበቀው ሰው አንድ፣ የሚዋሸው ሰው ሌላ ነው። የሚጠበቀው ሰው ስለ ውሸቱ ያውቃል፤ ቢጠየቅም ይስማማል።

በየቤታችን የምንዋሸው ግን ያንኑ የምንጠብቀውን ሰው ነው። «እንዳይጎዳ» የምንለው አባት እና የምናታልለው አባት አንድ ሰው ናቸው። የምንደብቀውም ስለ ገዛ አካሉ፣ ስለ ገዛ እናቱ፣ ስለ ገዛ ገንዘቡ ነው። በር ላይ ለቆመ ገዳይ የተፈቀደ ውሸት፣ አልጋ ላይ ለተኛ አባት በራሱ ጊዜ አይፈቀድም።

መርዶ መጠን ነበረው

«ታዲያ መርዶስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መርዶ ውሸት አለበትና። ርቆ ላለ ሰው ሞት እንደተሰማ አይነገረውም። «ታመዋል፣ ቶሎ ድረስ» ተብሎ ይጠራል። እዚያው ከተማ ያለውም ቢሆን ማታ አይነገረውም፤ ይደር ይባላል። ወዳጅ ዘመድ በስልክ ይጠራራል፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን አፍ አውጥቶ እንደሚናገር ይመከራል፤ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለበት ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ ይታሰባል። ከዚያ ሌሊቱን ተነሥተው ጎሕ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለው ውሸት ሦስት ልጓሞች አሉበት። አንደኛ አጭር ነው፤ በሌሊት ወይም በመንገድ ርዝመት ይለካል። ሁለተኛ ባለቤት አለው፤ የደበቁት ሰዎች ራሳቸው ፊት ለፊት ቆመው ያፈርሱታል። ሦስተኛ የሚደበቀው ሰዎቹ እስኪሰበሰቡ ነው፤ ሐዘንተኛው በሰማባት ደቂቃ ትከሻውን የሚይዝ ሰው አጠገቡ እንዲኖር ነው። በሌላ አነጋገር የመርዶ ውሸት እውነቱን ለመንገር የሚደረግ ዝግጅት ነው።

አሁን የሚታየው ግን ሌላ ነው። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ እናቷ ሞተችባት እንበል። ቤተሰቡ ይሰበሰብና «ኮንትራቷን ትጨርስ» ይላል። ምክንያቱ ክፉ አይደለም። በከፋላ (በአሠሪ ዋስትና) ሥርዓት የምትኖር ሠራተኛ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ እንደ ልቧ መንቀሳቀስ አትችልም፤ ፓስፖርቷም ብዙ ጊዜ በአሠሪዋ እጅ ነው። መጥታ አትቀብርም፤ ብቻዋን በሰው ቤት ምን ትሆናለች ብለው ፈርተው ነው። ግን ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አዲስ ውሸት ያስፈልጋል። «እማዬን አገናኙኝ» ስትል፣ ተኝታለች፤ ጸበል ሄዳለች፤ ኔትወርክ እምቢ ብሏል፤ ጉሮሮዋን አሟት ድምፅ የላትም። አርባው ይወጣል፤ ተዝካሩ ይበላል፤ ሙት ዓመቱ ይደርሳል። ልጅቷ ደግሞ «ለእማዬ መድኃኒት» እያለች ትልካለች።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያው ቀጥተኛ ነው። ለሞተ ሰው የሚላክን የመድኃኒት ገንዘብ ከተቀበላችሁ፣ ልጅቷን እየጠበቃችሁ አይደለም፤ በሐዘኗ እየነገዳችሁ ነው። መጀመሪያ የዋሻችሁት ለእሷ ብላችሁ መሆኑ ይህን አይሽረውም።

ደግሞም የፈራችሁት አይቀርም። የአክስት ልጅ ፌስቡክ ላይ ፎቶ ይለጥፋል፤ ከታች «ነፍስ ይማር» ይደረደራል። ልጅቷ መርዶዋን የምትሰማው በአሠሪዋ ማድ ቤት ቆማ፣ ከስልክ መስታወት ላይ ነው፤ ብቻዋን። መርዶ የተሠራው እኮ ይህ እንዳይሆን ነበር። ከዚያ በኋላ «ሁሉም ደህና ናቸው» ስትሏት አታምናችሁም፤ አባቷ በእውነት ደህና በሆኑበት ቀንም እንቅልፍ አይወስዳትም።

ስለዚህ የመርዶን መጠን ወደ ቦታው መልሱ። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ያሉ ወገኖቻችን እንደሚያደርጉት፣ መጀመሪያ እዚያው አገር ያለ ሰው ፈልጉ፤ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጅ፣ የማኅበር አባል፣ የሰፈር ልጅ። በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ የዕረፍት ቀኗን ወይም ጓደኛዋ አጠገቧ የምትሆንበትን ሰዓት ጠብቁ። ያም ካልተገኘ ሥራ ያለቀበት ሰዓት መርጣችሁ፣ የምታከብረው ሰው በስልክ ይንገራት፤ ስልኩንም ቶሎ አይዝጋባት። መዘግየቱ በቀናት ይለካ። ዓመት የሞላው መርዶ መርዶ አይባልም።

ሕመምተኛው ሳይሰማ

ካንሰር በብዙ ቤት በስሙ አይጠራም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ይባላል። ውጤት ሲመጣ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ አስታማሚውን ነጥሎ ወደ ውጭ ይጠራዋል። ልጁ ኮሪደር ላይ ይሰማና እንባውን ጠርጎ ይመለሳል፤ «ጨጓራ ነው አሉ፣ መድኃኒት ታዟል» ይላል። ስለ ሕመምተኛው አካል ወንድሙ ያውቃል፣ የወንድሙ ሚስት ታውቃለች፣ ጎረቤት ይጠረጥራል፤ የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ይሆናል።

ልማዱ የእኛ ብቻ አልነበረም። በ1961 እ.ኤ.አ. ቺካጎ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል በተደረገ ጥናት ከአሥር ሐኪሞች ዘጠኙ ያህል ካንሰር ለያዘው ሰው አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናግረው ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶው መንገርን መረጡ። በ18 ዓመት ውስጥ የሕመምተኛ ልብ አልጠነከረም። ከተለወጡት ነገሮች አንዱ ሕክምናው ነው፤ ሕመምተኛው አውቆ፣ ተስማምቶና ታግሶ የሚያልፍበት ረጅም ሕክምና መጣ። ላልተነገረው ሰው ያንን ሕክምና መስጠት አስቸጋሪ ሆነ።

በእኛም አገር ጉዳቱ የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ሁለቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው ሊድኑ ይችላሉ። ኬሞቴራፒ ግን አንድ ቀን ተወስዶ አያበቃም። በሳምንታት ልዩነት በዙር ይሰጣል፤ ያስታውካል፣ ያደክማል፣ ፀጉር ያረግፋል። «ትንሽ እብጠት ናት» የተባለች ሴት ይህን ሁሉ ለምን ትችላለች? በሁለተኛው ዙር «ከበሽታው መድኃኒቱ ባሰብኝ» ብላ ብትቀር አይፈረድባትም፤ በተነገራት መሠረት የወሰነችው ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ወረፋው በወራት ይቆጠር ነበር። ያን ያህል ተጠብቆ የተገኘን ተራ «ሻል ብሎኛል» ብሎ የሚተው ሰው ምን እንደተወ አያውቅም። ጸበል ልሂድ የሚልም ቢሆን፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መጠመቅ እንደሚችል ተመካክሮ የሚወስነው በሽታውን ሲያውቅ ነው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ተረቱ የተነገረው ለሕመምተኛ ነበር። ዛሬ የሚሸሽገው አስታማሚው ነው።

«የማይድን ከሆነስ? ለምን ተስፋውን እንቁረጥበት?» ትሉ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ጠንካራው ክርክር ይኸኛው ነው፤ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ግን ቀሪ ጊዜው ያጠረ ሰው ምን ሥራ እንዳለበት አስቡ። የሚናዘዘው ንብረት አለ፤ የሚከፍለው ወይም የሚያስከፍለው ዕዳ አለ፤ ሳይነጋገረው ዓመታት ያለፉት ወንድም አለ። ክርስቲያኑ ንስሐ አባቱን ጠርቶ መቁረብ ይፈልግ ይሆናል፤ ሙስሊሙ የሰው ሐቅ ሳይመልስ መሄድን ይፈራል። ትንሿን ልጁን ለማን አደራ እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ነው። «በሚቀጥለው ወር ይሻልሃል» እያልን ስናሳድረው ይህን ሁሉ ለሚቀጥለው ወር ያሳድረዋል። ከቀብር በኋላ ወንድማማች በቤት ካርታ ፍርድ ቤት ሲካሰስ የምናየውም አንዳንድ ጊዜ የዚህ ዝምታ ውጤት ነው።

ሕመምተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያውቃል። ሰውነቱ እየከሳ፣ ጠያቂው እየበዛ፣ እሱ ሲገባ ወሬ እየተቋረጠ እንዴት አይገባው? ግን እናንተ እንዳታዝኑ ብሎ ያላወቀ መስሎ ይቀመጣል። እናንተ እሱን ትጠብቃላችሁ፤ እሱ እናንተን ይጠብቃል። ፍርሃቱን የሚያካፍለው ሰው ግን በቤቱ ውስጥ የለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ማንም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። እምቢ የማለት መብት ያለው ሰው እሺ የሚለውንም ነገር ማወቅ አለበት።

ይህ ማለት ግን እውነቱን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ በጆሮው አንብቡበት ማለት አይደለም። ላለማወቅም መብት አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. የካንሰር ሐኪሞች ክፉ ዜና ለመንገር ያዘጋጁት ባለ ስድስት ደረጃ መመሪያ ዜናውን የሚያስነግረው አራተኛው ደረጃ ላይ ነው። መጀመሪያ ጸጥ ያለ ቦታ ይዘጋጃል፤ ቀጥሎ ሕመምተኛው እስካሁን የሚያውቀው ይጠየቃል፤ ሦስተኛ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ይጠየቃል። በእኛ አነጋገር ሐኪሙ «እማማ፣ እስካሁን ስለ ሕመምዎ ምን ተነግሮዎታል? የምርመራውን ነገር ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ከልጅዎ ጋር ብነጋገር ይመርጣሉ?» ማለት ይችላል። እሳቸው «ለልጄ ንገረው፣ እኔ አልሰማም» ካሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ውሸት አይሆንም። ራሳቸው የሰጡት ውክልና ነው። ከቤተሰብ የሚጠበቀው ይህ ጥያቄ እንዲጠየቅ መፍቀድ ብቻ ነው።

«ቪታሚን ነው» የተባለ ልጅ

ኤች አይ ቪ ይዘው የተወለዱ ልጆች ዛሬ በመድኃኒት ያድጋሉ፣ ይማራሉ፣ ጎልማሳ ይሆናሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሕይወታቸው ዋስትና ግን በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚወሰደው መድኃኒት ነው፤ እየተቋረጠ ሲወሰድ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለማመደዋል። የአምስት ዓመት ልጅን «ጠንካራ የሚያደርግህ መድኃኒት ነው» ማለት ከእውነት የራቀ አይደለም። የአሥራ ሦስት ዓመቱን ልጅ «ቪታሚን ነው» ማለት ግን ሌላ ነው። ቪታሚን የሚያቋርጥ ልጅ ምንም አይሆንም። ጓደኛው ቤት ባደረ ቀን ይዘለዋል፤ ያቅለሸለሸው ቀን ይተፋዋል፤ እናቱ ስትቆጣው «ለቪታሚን ነው?» ይላታል። ልክ ነው፤ ያስተማርነውን ነው የመለሰልን።

ከዚያም አንድ ቀን የብልቃጡን ጽሑፍ ያነባል፤ ወይም ክሊኒክ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ያያል። እውነቱን ብቻውን ይደርስበታል፤ ከእውነቱ ጋር ደግሞ ወላጁ ሲዋሸው እንደኖረ። ጉርምስና ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ሲወድቁበት መድኃኒቱን ጥሎ የሚነሣ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ስለ ራሳቸው ውጤት እንዲነገራቸው፣ ትንንሾቹም እንደ ዕድሜያቸው ቀስ በቀስ እንዲዘጋጁ ይመክራል። ለብዙ ወላጅ የሚከብደው የልጁ ነገር ሳይሆን የራሱ ነው፤ «ከየት መጣብኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ይህ ፍርሃት ይገባናል። ግን ራሳችንን ለመጠበቅ የምንነግረውን ውሸት ልጁን ለመጠበቅ የተነገረ ነው አንበለው። መድኃኒት የሚሰጥበት ክሊኒክ የምክር ባለሙያ ካለ ሳታፍሩ «አብረን እንንገረው» በሉ።

ከስደት የሚላክ «ደህና ነኝ»

እስካሁን የተናገርነው በቤት ውስጥ ስለሚነገርና ከቤት ወደ ውጭ ስለሚላክ ውሸት ነው። ከውጭ ወደ ቤት የሚላክም አለ። በጅቡቲ ኦቦክ አድርጎ በባሕር ወደ የመን የተሻገረ፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ የሚያዘግም ወጣት፣ በረሃብና በድብደባ መካከል ስልክ ቢያገኝ «ደህና ነኝ እማዬ» ይላል። እንዳትጨነቅ ነው። ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ የምትደውል ልጅም ደመወዟ ከተከለከለ ወራት ቢያልፉ «ሰዎቹ ጥሩ ናቸው» ትላለች። እናት ታርፋለች፤ ለጎረቤትም ታወራለች።

ይህ ውሸት ከሌሎቹ የሚለይበት ጉዳት አለው፤ ከዋሸለት ቤተሰብ አልፎ ይሄዳል። «የእገሌ ልጅ ደህና ደረሰ» የሚለው ወሬ የጎረቤቱን ልጅ ያስነሣዋል። ደላላም ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አያገኝም፤ ስለ መንገዱ የሚመሰክረው ደላላው ሳይሆን የሰፈሩ ልጅ ነውና። በሬ ተሸጦ፣ ብድር ተወስዶ ሌላ ወጣት ወደዚያው በረሃ ይወጣል። አንዲት እናት እንዳትጨነቅ የተነገረች ቃል ሌላዋን እናት ልጇን ታሳጣለች።

ለእናትሽ መንገር ካልቻልሽ አትንገሪያት፤ በእሷ ላይ የሚጨመረው ጭንቀት አንቺን ላያድንሽ ይችላል። ነገር ግን አንድ ሰው እውነቱን ይወቅ። ታላቅ ወንድም ይሁን፣ አጎት፣ የቆየ ጓደኛ፤ የት እንዳለሽ፣ በማን ቤት እንደምትሠሪ፣ ምን እየደረሰብሽ እንደሆነ የሚያውቅ። ስልክ በምትነጠቂበት ቀን የሚፈልግሽ ሰው እሱ ነው። መንገዱን ለሚጠይቅ የሰፈር ልጅ ደግሞ ምንም አትሸፍኑለት። እሱን የምትጠብቁት እውነቱን በመንገር ብቻ ነው።

ከመዋሸታችሁ በፊት

በየትኛውም ሁኔታ ውስጥ ብትሆኑ፣ «እንዳይጎዳ» ብላችሁ አንድ ነገር ከመደበቃችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በቤተሰብ ተቀምጣችሁ ተጠያየቁ።

አንደኛ፤ እውነቱ የማን ነው? የሚጠይቀው ሰው ጉዳት ይዞ የመጣ ከሆነ፣ እውነቱም የእሱ ካልሆነ፣ ዋሹት፤ አትጨነቁ። ነገሩ የራሱ የጠያቂው አካል፣ ሐዘን ወይም ገንዘብ ከሆነ ግን በእጃችሁ ያለው የሰው ዕቃ ነው።

ሁለተኛ፤ ባለማወቁ ምክንያት ምን ሳያደርግ ይቀራል? ሕክምና፣ ኑዛዜ፣ ዕርቅ፣ ቀብር፣ ጥንቃቄ። መልሱ «ምንም» ከሆነ ዝምታችሁ ብዙም አይጎዳው። መልሱ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ እየጠበቃችሁት አይደለም፤ እየወሰናችሁለት ነው።

ሦስተኛ፤ ውሸቱ የሚያበቃበት ቀን መቼ ነው? ማንስ ይነግረዋል? ቀን የተቆረጠለትና ሰው የተመደበለት ዝምታ ማዘግየት ነው። ሁለቱም የሌሉት ዝምታ ውሸት ነው፤ የሚፈርሰውም ባልታሰበ ሰው አፍ ነው።

አራተኛ፤ በውሸቱ ማን ያርፋል? ብዙ ጊዜ ስንመረምረው የምናርፈው እኛው ነን። ሲያለቅስ ላለማየት፣ ጥያቄውን ላለመመለስ፣ ቁጣውን ላለመሸከም። ይህ ሰዋዊ ነው፤ ግን ስሙ ጥበቃ አይደለም።

አሁን በቤታችሁ እንዲህ ያለ ምስጢር ካለ፣ ዛሬ ማታ የሚያውቁት ሁሉ ይደዋወሉ። የሚናገረውን ሰው ምረጡ፤ ሕመምተኛው ወይም ሐዘንተኛው የሚያከብረውና ሲያለቅስ የማይሸሽ ይሁን። ቀኑን ቁረጡ፤ ከዚህ ሳምንት አይለፍ። ስትነግሩት የምታውቁትን ብቻ ተናገሩ፤ በሽታው «አይድንም» ወይም «ይድናል» ማለት የሐኪም ሥራ ነው። ልጅቷ ለሞተችው እናቷ የላከችው ገንዘብ በእጃችሁ ካለ ከመርዶው ጋር መልሱላት። «መቼ አወቃችሁ?» ሲሏችሁ ትክክለኛውን ቀን ንገሩ፤ እዚህ ላይ ደግማችሁ ከዋሻችሁ የቀደመውን ሁሉ ታባብሱታላችሁ። ይቆጣሉ፤ ላይናገሯችሁም ይችላሉ። ያንን ቁጣ ሳትከራከሩ ተሸከሙት፤ በሚቀጥለው ቀንም ተመልሳችሁ ሂዱ።